መንግሥት በሕዝብ ዓይን ቅቡል የሚሆነው በምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ቶሎ የማይለቁኝ አንድ ርዕስ አለ። የመንግሥት ቅቡልነት የሚለው ነው። ደወል ተደውሎም በር ላይ ጠብቀው ይጠይቁኛል። ሰፈር ውስጥም እንደዚሁ ነው። ቡና ተቀድቶ ወሬው ወደ ቀበሌ፣ ወደ ውሃ፣ ወደ ጸጥታ ሲዞር ያው ጥያቄ በሌላ ቃል ይመጣል። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ያነበብኩትንም፣ እዚህ ኖሬ ያየሁትንም ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

«ቅቡልነት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው አንድን አካል «ሊያዘኝ ይገባዋል» ብሎ በልቡ ሲቀበል ነው። «ሊያዘኝ ይችላል» ከማለት ይለያል። ሽፍታም መንገድ ላይ አስቁሞ ሊያዛችሁ ይችላል። ያላችሁን ትሰጡታላችሁ። ግን ይገባዋል አትሉም።

በየሰፈራችን ያለውን ዕድር አስቡት። ፖሊስ የለውም፤ እስር ቤትም የለውም። ግን ለቅሶ ላይ የቀረ ሰው መቀጮውን ይከፍላል። አኩርፎም ቢሆን ይከፍላል። ለምን? ደንቡ ሲጸድቅ እሱም ነበር። የዕድሩን ዳኛ እሱም እጁን አውጥቶ መርጧል። የዳኛው ወንድም ቢቀርም ያው መቀጮ ይጻፍበታል። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በሰው ፊት ቆሞ ያነባል። የክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ድንኳኑ እሱም ደጅ ይተከላል። ስለ መንግሥት ቅቡልነት ብዙ አንብቤያለሁ። ከዚህ ዕድር ብዙም የራቀ ነገር አላገኘሁም።

ሕጋዊ ከሆነ ቅቡል ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። ሕጋዊነት ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ቅቡልነት ግን የሚገኘው ሰው ውስጥ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ እንደሚወርድ፣ ሥልጣናቸውም እንደማይደፈር በግልጽ ጽፎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 አጼ ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ ያ ጽሑፍ ከትናንቱ አንድ ቃል አልተለወጠም። ያለቀው ሌላ ነገር ነው። የወሎ ረሃብ ተደብቆ ነበር። በዋዜማው ምስሉ በቴሌቪዥን ታየ። «ያባትነት ወግ» ሲባል የኖረው ነገር በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ከዚያ በፊትም ተሰብሮ ነበር።

ሰው መንግሥትን የሚታዘዘው ፈርቶ አይደለም እንዴ?

ፍርሃትም አለበት። ግን ፍርሃት ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። በየበሩ ፖሊስ ማቆም የሚችል መንግሥት የለም። ቢችል እንኳ ፖሊሱን ራሱን በምን ያዘዋል?

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆማል። እጁን አንስቶ ከሆነም ያወርዳል። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ያለ ጠባቂ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። መንገድ ላይ ያገኙት ሰው፣ ሹመት ባይኖረውም፣ ለጊዜው ዳኛ ሆኖ ሊያከራክራቸው ይችል ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ተረት አይደለም። ዱላ ሳይመዘዝ ሕግ ሲከበር እንደዚያ ነው።

የድሮ ነገሥታትን ማንም አልመረጣቸውም። ታዲያ ሕዝቡ እንዴት ተቀበላቸው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ማክስ ዌበር የሥልጣን ቅቡልነት ከሦስት ምንጭ ይቀዳል ይል ነበር። ከልማድ፣ ከመሪው ልዩ ግርማ፣ ወይም ከሕግና ሥርዓት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እዚሁ ጎንደር ላይ ቆመን ልናያቸው እንችላለን።

ልማዱ የሰሎሞን ዘር ነበር። ከዚያ ዘር የተወለደና ቅብዓ መንግሥት የተቀባ ሰው ብቻ ይነግሣል። ይህ እምነት ትልቅ ጉልበት ነበረው። ገደብም ነበረው። አጼ ሱስንዮስ ከዘሩ ናቸው፤ ተቀብተዋልም። ሆኖም የካቶሊክን እምነት ይዘው አገሩን ሁሉ ሊያስገድዱ ሲሞክሩ ሕዝቡ ተነሳባቸው። በ1624 የላስታን ዐመፀኞች ጦር ሜዳ ላይ አሸነፉ። በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። ግን ሜዳው ላይ የወደቀው የራሳቸው ሕዝብ ነበር። ብዙ ሳይቆዩ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው ቃል ዛሬም በአፋችን አለ። ፋሲለደስ በ1628 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። እንግዲህ ይህች ከተማ የመጣችው አንድ ንጉሥ ጦርነት አሸንፎ ሕዝብ ካጣ በኋላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግንቡን እናስጎበኛለን። ይህንንም አብረን ብንነግር ደስ ይለኛል።

ከዚያ ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። በ1761 ራስ ሚካኤል ስሑል አጼ ኢዮአስን አስገደሉ። ዘመነ መሳፍንት ገባ። እስከ 1847 ድረስ ጎንደር ግንብ ውስጥ የተቀመጡት ነገሥታት ስም እንጂ ጉልበት አልነበራቸውም። አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ። «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ስም የተረፋቸው ለዚህ ነው። የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ጦሩ በእጃቸው የነበረው የየጁ ራሶች ለምን ራሳቸው አልነገሡም? የሚከለክላቸው ሠራዊት አልነበረም። ሕዝቡ እንደ ንጉሥ እንደማይቀበላቸው ግን ያውቁ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉልበተኛ አንድ ደካማ ንጉሥ አስቀምጦ በእሱ ስም ገዛ። ጉልበት ያለው ሰው ስም ፍለጋ ወደ ጎንደር ይመጣ ነበር። ቅቡልነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ ነገር የለም።

ግርማ ደግሞ የቋራው ካሳ ነው። በ1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። መጀመሪያ ላይ ሰው የተከተላቸው ለጀግንነታቸውና የተበታተነ አገር አንድ አደርጋለሁ ስላሉ ነው። ቆይቶ ግን ከካህናቱ ጋር በመሬት ተጣሉ። ቅጣቱ እየከፋ ሄደ። በ1859 ይህችኑ ጎንደርን አስዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። በ1860 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ያለው ሕዝብ አልተዋጋውም። እህልና ከብት ሸጠለት። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ። ይህን ስጽፍ ያመኛል። ግን ግርማ ለብቻው ሲቀር እንደዚህ ነው። የሚያሸንፉበት ዘመን ሲያልፍ ሰው የሚይዘው ገመድ ያጣል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ከዚያ ዘመን ተርፎልናል። ሦስተኛው ምንጭ፣ ሕግና ሥርዓት፣ የሚጀምረው ይህ አባባል ሲሻር ነው። ንጉሡም ሲከሰስ።

ምርጫ ከተካሄደ አይበቃም?

ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። ያለ ጥይት መሪ ለመቀየር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ግን ቅርብ ጊዜ ያየነውን አንርሳ። በግንቦት 2007 ገዢው ግንባር ከአጋሮቹ ጋር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫ ሁሉንም ያዘ። አንድም ተቃዋሚ አልገባም። በወራት ውስጥ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር አደባባይ ሞልታ ወጣች። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። መቶ በመቶ ካሸነፈው ምርጫ እስከዚያ ቀን ሦስት ዓመት አልሞላም።

ምርጫ ቅቡልነት የሚሰጠው ተሸናፊው «ተሸንፌያለሁ» ሊል ሲችል ነው። ይህን እንዲል ደግሞ አዳራሽ ተከልክሎ መሆን የለበትም። ደጋፊው ታስሮ መሆን የለበትም። ቆጠራውን በዓይኑ አይቶ፣ ካልተስማማም የሚከስበት ፍርድ ቤት ኖሮት መሆን አለበት።

ክፍል ውስጥም አይቼዋለሁ። አንድ ዓመት ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የክፍል አለቃ እኔው ጠቆምኩና ሁሉም እጁን አወጣ። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ግን የሚሰማት አላገኘችም። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ልጆች ተወዳድረው በወረቀት ተመረጠ። ያሸነፈው ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው ያገኘው። ያልመረጡትም ይታዘዙት ነበር። ለመጀመሪያዋ ልጅ እስካሁን አዝናለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

መንገድና ውሃ ካስገባ፣ መንግሥት ሌላ ምን ይጠየቃል?

ሥራ ቅቡልነት ይሰጣል። ይህን የሚያናንቅ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ አያውቅም። ጎንደር ውስጥ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፤ ከተማዋም ከሱ አቅም በላይ አድጋለች። የመገጭን ግድብ ስንት ዓመት እንደጠበቅን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። ሌሊት ተነስታ ቧንቧ የምትጠብቅ እናት ስለ ቅቡልነት ማብራሪያ አትፈልግም። ውሃ ነው የምትፈልገው።

ከውሃው በፊት ደግሞ ደህንነት አለ። ልጁን ትምህርት ቤት ልኮ እስኪመለስ በር ላይ የሚቆም አባት፣ እገታ ፈርቶ ከመሸ የማይወጣ ነጋዴ፣ ከመንግሥት የሚጠብቀው የመጀመሪያ ነገር እሱን ነው። ይህን ማድረግ ያልቻለ መንግሥት ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ሰው አምኖ ሊያድርበት ይቸገራል።

ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ውለታ ላይ ብቻ የቆመ መንግሥት ድርቅ በመጣ ዕለት የሚቆምበት የለውም። ሁለተኛ፣ ሰው ችግርን ከውሸት ይለያል። «ለሁለት ሳምንት ውሃ አይኖርም፤ ምክንያቱ ይህ ነው» ቢባል ያማርራል፣ ግን ይችለዋል። «ነገ ይመጣል» እየተባለ ወር ሲያልፍ ነው የሚቆርጠው። የደረቀውን ቧንቧ ይቅር የሚል ሰው የተዋሸውን ቀን ግን አይረሳውም።

ፍርድ የተፈረደበት ሰው እንኳ መንግሥትን የሚቀበለው ለምንድን ነው?

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

አንድ አባባል አለን። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች።» እንደየአካባቢው አነጋገሩ ትንሽ ይለያያል። በቅሎ ድሮ ሀብት ነው፣ ማዕረግም ነው። ጭብጦ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ቂጣ ናት። ተረቺው በቅሎውን በሕግ ቢነጠቅ ይችላል። ጭብጦውን ያለ ፍርድ ሲቀማ ግን ያቃጥለዋል። ሰው ከጥቅሙ ይልቅ የተሠራበትን መንገድ ይመዝናል ማለት ነው።

ይህን ከእኛ ሩቅ የሆነ ጥናትም አግኝቶታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶም ታይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ቺካጎ ከተማ ውስጥ 1,575 ሰዎችን አነጋግሯል። ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር ስላጋጠማቸው ነገር ጠየቃቸው። ሰዎቹ ለሕግ አካላቱ ባላቸው አመለካከት ላይ ትልቁን ድርሻ የያዘው ማሸነፍ አለማሸነፋቸው አልነበረም። በትክክለኛ መንገድ ተስተናግደናል ወይ የሚለው ነበር። ተሰምቻለሁ? ለሌላውም እንደዚሁ ነው? እንደ ሰው አናግረውኛል? የቺካጎው ሰውና በቅሎውን የተነጠቀው ገበሬ አንድ ነገር ነው የተናገሩት።

አባቴ አንድ ጊዜ በቤት ወሰን ተከራክሮ ተረትቷል። ትንሽ ቦታ አልነበረችም። ማታ ሲመለስ ቤተሰቡ ሁሉ ተጨንቆ ጠበቀው። ገብቶ ተቀመጠና «ፈረዱብኝ። ግን ሰሙኝ» አለ። ዳኛዋ የእሱን ምስክሮች አንድ በአንድ አድምጣ፣ ለምን እንዳልተቀበለቻቸው ነግራዋለች። አባቴ ያን ፍርድ ቤት አንድም ቀን ሲያማ አልሰማሁትም። አባቴ ደግሞ የጠፋ ዶሮ እንኳ የማይረሳ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቢሮው መስኮት እንምጣ። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ሲስተም የለም።» «ነገ ተመለስ።» አብዛኛው ሰው መንግሥትን የሚያገኘው በዚህች መስኮት ነው። ሚኒስትር አያገኝም፤ ፓርላማም አይገባም። አንድ ወረቀት ለማውጣት እኔ ራሴ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አራት ጊዜም ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። በአምስተኛው አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተነስታ ፋይሌን ፈለገች። የጎደለችውን አንዲት ገጽ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ይቅርታ ጋሼ፣ ቀድሞ ሊነገርዎት ይገባ ነበር አለችኝ። ያን ቀንም ወረቀቱን አላገኘሁም። ግን ስወጣ አልተቆጣሁም። ያቺ ልጅ በዚያች ደቂቃ ለመንግሥት የሠራችለትን አለቆቿ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ጉቦም የሚገድለው ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የከፈለው ሰው ሕጉ ለሽያጭ እንደሆነ አውቆ ይወጣል። ያልከፈለው ደግሞ ተራው ለምን እንደዘለለው አውቆ ይቀመጣል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ይብሳል። «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?»

ሕዝቡ ዝም ካለ ተቀብሏል ማለት አይደለም?

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ዝምታ የማይነቅዝ ጎተራ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ከውጭ አይታይም። ፍርሃት ሊሆን ይችላል፤ ድካም፣ ወይም ተስፋ መቁረጥም ሊሆን ይችላል። ስምምነትም ሊሆን ይችላል። መናገር በማይቻልበት ቦታ እነዚህን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጋዜጠኛ የሚያስር መንግሥት መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን ነው። የራሱን መስተዋት ይሰብራል።

የራሴ ወገን ሥልጣን ላይ ከሆነ ለእኔ ቅቡል ነው። ምን ችግር አለው?

ስሜቱ ይገባኛል። ቋንቋህን የሚናገር፣ ሐዘንህን የሚያውቅ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ልብ ይሞቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 8 የሉዓላዊነት ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። ሰው ራሱን መንግሥቱ ውስጥ ማየት ይፈልጋል፤ መብቱም ነው።

ግን ወገንነት ለመስማት እንጂ ለመቀማት ፈቃድ አይሆንም። የራሳችን ልጅ ያለ ፍርድ ቤታችንን ቢያፈርስ አፍራሹ ስማችንን አስተካክሎ መጥራቱ ምን ይጠቅማል? እዚሁ አብሮን የሚኖር፣ ከሌላ ወገን የተወለደ ጎረቤትም አለ። እሱም ግብር ይከፍላል። ያ መንግሥት ለእሱም መንግሥት ካልሆነ ለእኔም ዋስትና የለኝም። ነገ ሌላ መለያ ወጥቶ እኔ ውጭ ልቀር እችላለሁና።

መሣሪያ ያነሱ ቡድኖችስ? እነሱ ቅቡል ሊሆኑ ይችላሉ?

ይህን የሚጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ክልላችን ውስጥ ግጭት አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አሥር ወር ቆይቷል። ተኩስ እየሰማን ያደርንባቸው ሌሊቶች አሉ። ስለዚህ በጥንቃቄ፣ ግን በግልጽ እመልሳለሁ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 3 ከተደነገገው ውጭ በማናቸውም አኳኋን ሥልጣን መያዝ ክልክል ነው ይላል። ሕጉ ይህ ነው። በሕዝብ ልብ ውስጥ ያለው ሚዛን ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ደንብ ልብስ ለለበሰውም፣ ላልለበሰውም። ገንዘብ ሲጠይቀኝ «አልሰጥም» ማለት እችላለሁ? ሰው ሲያስር ምክንያቱን ይናገራል? የራሱ ሰው ሲያጠፋ ይቀጣል? ሲሳሳት ፊቱ ላይ የሚነግረው አለ? በዚህ ሚዛን መንግሥትን የምንመዝን ከሆነ ሌላውንም በዚሁ እንመዝነው። ገበሬው በሁለት በኩል ሲጠየቅ የሚሰማውን ሥቃይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የውጭ መንግሥታት እውቅና ከሰጡትስ?

ይጠቅማል፤ ብድር፣ ኤምባሲ፣ የስብሰባ ወንበር ያስገኛል። የሕዝብን ቅቡልነት ግን አይተካም። ጎረቤታችን ሶማሌላንድ ከ30 ዓመት በላይ ያለ ዓለም አቀፍ እውቅና ቆይታ ምርጫ አካሂዳለች፤ ፕሬዚዳንቶቿም ተሸንፈው ወንበር ለቀዋል። በተባበሩት መንግሥታት ወንበር ኖሯቸው ከዋና ከተማቸው ውጭ የማይታዘዙ መንግሥታትም አሉ።

እኔ ተራ ሰው ነኝ። በእጄ ምን አለ?

አንቀጽ 12ን አንብቡ። አጭር ነው። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብና አቤቱታ ማቅረብ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን። በወረቀትና በመሬት መካከል ያለውን ርቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን የተጻፈ ነገር መያዣ ነው። ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላል።

በተግባር ደግሞ አቤቱታችሁን በቃል አትተዉት። ጻፉት። ቀን አድርጉበት። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ገቢ አድርጉ፣ በሌላው ላይ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፉ። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። የቢሮው አቤቱታ ሰሚ ካልመለሰላችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ጉዳዩ የሰብዓዊ መብት ከሆነ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አለ። ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 እንዲቋቋሙ የታዘዙ ናቸው። ሁልጊዜ ይፈታል አልልም። ግን ወረቀቱ ይቀራል። ወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ «ማን ነገረህ?» ሲባል የሚያሳየው አለው።

አንድ ጊዜ የጠፋ ቅቡልነት ይመለሳል?

ይመለሳል። 2010ን አስታውሱ። የፖለቲካ እስረኞች ሲፈቱ፣ መንግሥት በእስር ቤት ግፍ ይፈጸም እንደነበር በራሱ አንደበት ሲያምን፣ ስደተኞች አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መሬት ሲስሙ የነበረውን ደስታ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰው እንደገና ማመን ጀምሮ ነበር። ጥፋትን ማመን ያን ያህል ጉልበት አለው። ግን ያ እምነት ብድር ነበር። በየቀኑ በፍርድ፣ በእውነት፣ በሰላም መከፈል ነበረበት። ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ የተከዳ ሰው ደግሞ ቶሎ አያበድርም።

መንግሥት ቅቡልነቱን እያጣ መሆኑን በምን ሊያውቅ ይችላል?

ሰልፍ ሲወጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው እላለሁ። አቤት የሚለው ሰው ሲቀንስ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1762 እስከ 1764 ድረስ እዚህ ጎንደር ነበር። ያየውን ጽፏል። በንጉሡ መስኮት ሥር ሁልጊዜ ፍትሕ የሚለምን፣ «ጃንሆይ!» እያለ የሚጮህ ሕዝብ ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲከብድ ግን ባለ ጉዳይ ከገጠር መምጣት ያቅተዋል። ግቢው ጸጥ ይላል። ያኔ የተበደሉ መስለው እንዲያለቅሱና እንዲጮኹ ሰዎች ይቀጠሩ ነበር ይላል ብሩስ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ ለንጉሡ ክብር ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ጸጥ ብሎ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ነው አሉት።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ገረመኝ። አሁን ግን ጥልቅ ሆኖ ይታየኛል። የአቤቱታ ጩኸት ለንጉሡ ክብር ነበር። የሚጮህ ሰው «ይሰማኛል» ብሎ ያመነ ሰው ነው። ቀን ከሌሊት ተጉዞ መስኮቱ ሥር የሚቆመው እዚያ ውስጥ ፍርድ አለ ብሎ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ። ለዓመታት አንድ ፌስታል ይዘው ሲመላለሱ አውቃቸዋለሁ። የቦታ ጉዳይ ነው። ዝናብም ይሁን ፀሐይ፣ ማለዳ ፌስታሏን ብብታቸው ሥር አድርገው ቁልቁል ይወርዳሉ። ባለፈው ፌስታሉ ሳይኖር አገኘኋቸው። አለቀልዎት ወይ ብዬ በደስታ ጠየቅኳቸው። «ተውኩት ልጄ» አሉኝ። ወረቀቶቹንስ የት አደረጓቸው አልኳቸው።

ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባቸዋል። «ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዴት ይጣላል?» አሉኝ።